ለፈተናው ስንል የተውነው

በዚች መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ጉዳይ፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ የምግብ ቤቱ ወጥ ስለ መቅጠኑም ሳይቀር ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብበናል። እኛ ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በልጅነታችን ከክፍል ትምህርት ውጭ እንማረውና እንሠራው የነበረውን፣ ኋላም «ለፈተና» ብለን የጣልነውን ነገር የሚመለከት ነው። ነገሩ ትንሽ ነው ብሎ ገጹን ለሚያልፍ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ እናቀርባለን፤ አንተስ የተውኸው ምን ነበር? አንቺስ የተውሽው? መልሱ ቶሎ ከመጣላችሁ እባካችሁ ንባቡን ቀጥሉ።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን አንድ አሮጌ ክራር ነው። ባለፈው ወር በአንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ስድስት ሆነን በምናድርበት ክፍል ማንበብ ስላልተቻለና የስልካችንም ባትሪ ወደ ማለቁ ስለ ደረሰ፣ በየአልጋችን ተጋድመን ጨዋታ ስንጀምር ከመካከላችን አንዱ ከሎከር በላይ ተቀምጦ የነበረውን ክራር አወረደ። ክራሩ የእኛ አይደለም። ዐምና ተመርቆ የወጣ ተማሪ ሻንጣው አልበቃ ብሎት ትቶት የሄደ ነው። አቧራው ሲጠረግ አውታሮቹ ላልተው ተገኙ። «ማን ይችልበታል?» ተባለ። አንዱ ወንድማችን ቀስ ብሎ «እኔ ሦስት ዓመት ተምሬ ነበር» አለ። ሁላችንም ተደነቅን። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ይህን አንድም ቀን አልነገረንም ነበርና።

ክራሩን ተቀብሎ በትዝታ ቅኝት ሊቃኘው ጀመረ። አንዱን አውታር ሲያጠብቅ ሌላው ይረግባል፤ ያን ሲያስተካክል የፊተኛው ከቦታው ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ከታገለ በኋላ ክራሩን አልጋው ላይ አስቀመጠና «ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል፤ ጆሮዬ ግን ረስቷል» አለ። ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በጨለማው ውስጥ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነገር እያሰብን እንደ ነበረ የታወቀው፣ ሌላው ወንድማችን «እኔ ደግሞ ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና አንባቢ ነበርሁ» ብሎ በጀመረ ጊዜ ነው።

በዚያች ሌሊት የሰማነውን በአጭሩ እንጻፈው። ክራር የተማረው ወንድማችን በትምህርት ቤቱ የሙዚቃና የድራማ ክበብ ውስጥ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ነበረ፤ 8ኛ ክፍል ሲገባ ተወው። ዜና አንባቢው በየጠዋቱ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በድምፅ ማጉያው የሚያነበውን ዜና ራሱ ይጽፍ ነበር፤ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ተወው። ሦስተኛው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በካርታና በሥዕል ያስጌጠ ልጅ ነበረ፤ አራተኛው በወረዳ ውድድር 1,500 ሜትር የሮጠ ነው፤ አምስተኛው ወሎ ውስጥ በመውሊድ ሌሊት ከታላላቆቹ ጋራ ድቤ እየመታ መንዙማ ይቀበል የነበረ ነው። ሁሉም በየጊዜው ትተዋል። ሁሉም ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት አንድ ቃል ነው፤ «ፈተና»።

ስድስተኛው ወንድማችን ግን ነገራችንን ሁሉ በጸጥታ ካዳመጠ በኋላ እንዲህ አለን፤ «እናንተ የጣላችሁትን እኔ አላየሁትም። በእኛ ትምህርት ቤት ክበብ የሚባል ስም እንጂ አንድ ከበሮ እንኳ አልነበረም።» አፈርን። ነገር ግን ቆየት ብሎ ሌላ ነገር ጨመረልን። ከብት ሲጠብቅ ከሸምበቆ ዋሽንት እየሠራ ይነፋ ነበር፤ ያስተማረውም አጎቱ ነው። 9ኛ ክፍልን ለመማር ወደ ከተማ ሲመጣ ዋሽንቱን በቦርሳው ይዞት መጣ። በተከራዩበት ቤት አንድ ማታ ሲነፋ አብረውት የሚኖሩት ልጆች «እረኛው መጣ» ብለው ሳቁበት። ከዚያ ቀን በኋላ አልነፋም። እንግዲህ ፈተና ያላስተወውን እፍረት አስተወው ማለት ነው።

ይህን ነገር በማግሥቱ ለአንዲት በክፍል ለምንማር እኅታችን ብናጫውታት፣ «የእናንተስ ደኅና ነው፤ እኔን ያስተወኝ ማን ሆነና?» አለችን። እርሷ ድራማ ክበብ ውስጥ ነበረች። ልምምዱ የሚደረገው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው። ወንድሞቿ ኳስ ሲጫወቱ ቢመሹ የሚጠይቃቸው የለም፤ እርሷ ግን አንድ ሰዓት ብትዘገይ ጎረቤት ይነጋገራል፣ እቤትም ሊጥ ይጠብቃታል። በ7ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ የተሰጣትን ቃለ ተውኔት ለሌላ ልጅ መልሳ ሰጠች። በወላጆች ቀን ተውኔቱ ሲታይ ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጣ ቃሉን በልቧ ትለው ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ «ተውነው» የምንለው ቃል ለሁላችንም እኩል አለመሆኑን መዘንጋት አይገባንም። ከእኛ ውስጥ የተውን አለን፤ እንድንተው የተደረግንም አለን፤ ከመጀመሪያውም ያልተሰጠን አለን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ስንተው ምን ብለን ተውነው? እውነቱንስ ነው ያልነው?

በመጀመሪያ ለወላጆቻችን ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። «ይህን ክራርህን ተውና ደብተርህን ያዝ» ያለ አባት ሞኝ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ የዩኒቨርሲቲዎቹ ተወስደው በተፈተኑ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። በተከታዩ ዓመት ፈተናም ቁጥሩ 3.2 በመቶ ነበረ። ከ100 ልጆች 97ቱ የሚወድቁበትን በር የሚያይ ወላጅ ልጁ እጁን በማንኛውም ሌላ ነገር ላይ ሲያደርግ ቢሠጋ ምን ይደንቃል? በዚህም ላይ የቆየ ነገር አለ። ብዙዎቹ አባቶቻችን ክራርና ማሲንቆ የያዘን ልጅ ሲያዩ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ቃል ከአፋቸው የሚወጣው፣ ያገራችን ማኅበረሰብ በሠርጉ ሲያስጨፍረው የሚያድረውን ሰው በማግሥቱ የሚንቅ ሆኖ ስለ ኖረ ነው። ሥጋቱም ንቀቱም ተደምረው አንድ ላይ መጡብን። እኛም ልጆች ነበርን፤ ሰማን።

ነገር ግን ወላጆቻችንን ነጻ ካደረግን በኋላ የራሳችንን ሒሳብ መመርመር ይኖርብናል። ክበቡ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑም ሁለት ሰዓት ነበረ። ስለዚህ ክራሩን በመተዋችን ያተረፍነው በሳምንት 4 ሰዓት ነው። በውኑ እነዚያን 4 ሰዓታት አነበብንባቸውን? በዚያች ሌሊት በጨለማው ውስጥ፣ ፊት ለፊት ስለማንተያይም ይሆናል፣ ሁላችንም እውነቱን ተናገርን። ከስድስታችን አንድ ሰው ብቻ «አንብቤባቸዋለሁ» አለ። የቀረነው የመጀመሪያውን ሳምንት አነበብን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰዓቶቹ በመንደር ጥግ በመቆም፣ በቴሌቪዥን፣ በኋላም በስልክ አለቁ። ከስድስታችን ሁለቱ ደግሞ የተፈለገውን ነጥብ ስላላገኘን በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል ወደዚህ የገባን ነን። እንግዲህ «ለፈተና» ብለን የከፈልነውን ዋጋ ፈተናው አልተቀበለንም። ክራሩም ቀረ፤ ንባቡም አልተነበበም።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። «ፈተና» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን እውነተኛውን ምክንያት የምንሸፍንበት ነጠላ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ምን ነበር ቢባል፣ ነገሩ ከበደን ማለት ነው። ክራር ያልነካ ሰው ጨዋታው ቀላል ይመስለዋል። ቀኝ እጅ ስድስቱን አውታሮች በአንድነት ሲመታ፣ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው አውታሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ የሚሰማውም የግራ እጅ ለቅቆ የተወው ድምፅ ብቻ ነው። አንድን ጣት በሰዓቱ አንሥቶ በሰዓቱ መመለስ ለጀማሪ ወራት ይፈጃል። ከዚህም በላይ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን መቃኘት እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ወንድማችን እንደ ነገረን፣ በሦስተኛው ዓመት ትምህርቱ ከጨዋታ ወደ ሥራ ተለወጠበት፤ መምህሩ የሚያርሙት ስሕተት በዛ፤ ከእርሱ በኋላ የጀመረ ልጅም በለጠው። ልክ በዚያን ጊዜ የ8ኛ ክፍል ፈተና መጣ። ፈተናው በሩን ከፈተለት፤ እርሱም ወጣ።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። የተውንበት ቀን አይታወቅም። ክበብ ሲገቡ ስም ይመዘገባል፤ ሲወጡ ግን የሚሰርዝ የለም። አንድ ማክሰኞ ቀረን፤ በሐሙስም ቀረን፤ በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩን በኮሪደር ስናይ መንገድ ለወጥን። ወንድማችን የክራር መምህሩ አንድ ቀን አስቁመውት «ምነው ጠፋህ?» ሲሉት «ፈተና ደርሶብኝ ነው፤ ከፈተናው በኋላ እመለሳለሁ» ብሏቸው ነበር። እርሳቸውም «ቦታህ አለ» አሉት። ፈተናው አለፈ፤ ሌላም ፈተና አለፈ፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። አሁን በዚህ ዕድሜው የሚያስቆጨው ነገር ከክራሩ ይልቅ ይህ የሰጠው ቃል እንደ ሆነ ነግሮናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እናንተ የምትቆጩት ታላቅ ሰው ሳንሆን ቀረን ብላችሁ ነው» ሊለን ይችላል። በእርግጥ ከልጅነት የያዙትን ይዘው ታላቅ ደረጃ የደረሱ ሰዎች አሉን። መምህር አለሙ አጋ በእንጦጦ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና መማር ጀመሩ። በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩት የሙዚቃ ትምህርት አልነበረም፤ ጂኦግራፊ ነበረ። ነገር ግን ባለ 10 አውታሩን በገና ስላልተዉት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሊያስተምሩት፣ ድምፁንም ከአገር ውጭ ሊያሰሙት ቻሉ። እንደዚሁም አርሲ ውስጥ በበቆጂ ከተማ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር ልጆችን ሰብስበው ሲያስሮጡ፣ ከነዚያ ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ነበሩበት። ደራርቱም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች።

እነዚህን ያነሣናቸው ግን ራሳችንን ከነርሱ ጋራ ለማስተካከል አይደለም። የእኛ ሯጭ 1,500 ሜትሩን የሮጠው አምስተኛ ሆኖ ነው። ሠዓሊያችን የሣለው የአፍሪካ ካርታ ማዳጋስካርን ረስቷት ነበር። ስለዚህ ብንቀጥል ኖሮ የትም ባልደረስን ይሆናል። በበቆጂ ሜዳም ቢሆን ከነደራርቱ ጋራ ስማቸው ያልተሰማ ብዙ ልጆች እንደ ሮጡ መገመት አያስቸግርም፤ እነርሱም መሮጣቸው ከንቱ ሆነ ሊባል አይገባም። እንዲያውም ለእኛ ትምህርት የሚሆነን የነዚያ ስም የሌላቸው ልጆች ነገር ይመስለናል። ነገርን ሁሉ «የት ያደርሳል?» ብሎ የሚመዝን ሰው፣ የማያደርስ የመሰለውን ሁሉ ጥሎ ባዶ እጁን ይቀራል።

ታዲያ የምንቆጨው በምንድን ነው? ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛው፣ በሰው ፊት እየተሳሳቱ መማርን ማጣታችን ነው። በክበብ ውስጥ ልጅ ይሳሳታል፤ ይሣቅበታል፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር። ዛሬ በየክፍላችን የምናየውን እናስተውል። መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ 60 ተማሪ ያቀረቅራል። ጥያቄ ስለሌለን ነውን? አይደለም፤ እንዳንሳሳት ፈርተን ነው። ለመላው ትምህርት ቤት ዜና ያነብ የነበረው ወንድማችን ባለፈው መንፈቅ የቡድን ሥራ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ፣ ስሙን ሽፋኑ ላይ አስጽፎ ንግግሩን ለሌላ አስተላለፈ። በ13 ዓመቱ ያልፈራውን በ21 ዓመቱ ፈራው። ድፍረትም እንደ ክራር ቅኝት ካልነኩት ይረግባል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ የማርክ ያልሆነን ነገር መውደድን ማጣታችን ነው። ከ8ኛ ክፍል ወዲህ የሠራነው ሥራ ሁሉ ቁጥር ይሰጠው ነበር። መጽሐፍም ስናነብ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» እያልን ነው። የሥነ ጥበብና የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን እኛ እንኳ ልብ ወለድ የምናነበው የተሰጠን እንደ ሆነ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በዚህ አገር የነበሩ የኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን የጻፉትን ግጥም በሕዝብ ፊት ቆመው ያነቡ ነበር። ለዚያ ማርክ የሰጣቸው አልነበረም፤ አንዳንዶቹንም ከባድ ነገር አስከትሎባቸዋል። እኛ ማርክ ከሌለው ነገር ጋራ ከተለያየን ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ስለዚህም ከተመረቅን በኋላ የምንወደው ነገር ምን እንደሚሆን ብንጠየቅ የምንመልሰው የለንም።

ሦስተኛው፣ ሰዎቹን ማጣታችን ነው። በክፍል ውስጥ ጓደኛችን የዕድሜ እኩያችን ብቻ ነበረ። በክበብ ግን የ5ኛ ክፍሉ ልጅ ከ8ኛ ክፍሉ ጋራ፣ የሀብታሙ ልጅ ከሊስትሮው ጋራ፣ አንዱን ቋንቋ የሚናገር ሌላውን ከሚናገር ጋራ አንድ ክራር ተራ በተራ ይነካ ነበር። የክራር ተማሪው ወንድማችን የመጀመሪያውን ቅኝት ያሳየው ከጠዋት ፈረቃ በኋላ ጫማ ይጠርግ የነበረ ልጅ ነው። ስሙን ዛሬ አያስታውሰውም። በዚህ ግቢ ውስጥ በየብሔሩና በየአገሩ ልጅ ተከፋፍለን ምግብ ቤት ስንቀመጥ ለምናይ ለእኛ፣ ያ የክበብ ክፍል ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው የተገለጠልን አሁን ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይባላል፤ በእኛ ላይ ደረሰ።

ነገር ግን ቍጭት ብቻውን ሥራ አይሆንም። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ እናውቃለን። ያ ልጅነት አይመለስም፤ በ10 ዓመቱ የጀመረ ጣት የሚታጠፈውን ያህል የ21 ዓመት ጣት እንደማይታጠፍም እንቀበላለን። ሆኖም ውሃው ፈሰሰ ተብሎ እንስራውን መስበር አይገባም። ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ የተማሪዎች ማኅበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የመማሪያ ክፍል እንዲያስፈቅድልን እንጠይቃለን። ገንዘብ አንጠይቅም። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር በልጅነቱ ጀምሮ የተወ ሁሉ ይምጣ፤ ግማሽ የሚያውቅ ምንም ለማያውቅ ያሳይ። ውድድር አይኑር፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጥ፤ እነዚህ ከገቡ ነገሩ ተመልሶ ፈተና ይሆናልና። ሰዓቱም እኅቶቻችን ሳይቸገሩ የሚመጡበትና የሚመለሱበት ይሁን። ክበባት እያሉ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ ያሉት ክበባት የሚችሉትን መርጠው ለመድረክ የሚያቀርቡ ናቸው፤ መልካም ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን የማይችሉ ሰዎች የሚቀመጡበትን ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ከተመረቅን በኋላ መምህራን እንሆናለን። ይህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል። ነገ በአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት ውስጥ የክራሩ ቁም ሣጥን ቁልፍ በእጃችን ይሆናል። ርእሰ መምህሩ «ፈተና ደርሷልና ክበብ ይዘጋ» ሲሉ በ8ኛና በ12ኛ ክፍል ተማሪ ፊት በሩን የምንዘጋው እኛው ነን። ያን ቀን ይህን ጽሑፍ ብናስታውሰው ደስ ይለናል። ቢያንስ አንድ ልጅ ሲጠፋ «ምነው ጠፋህ?» ብለን እንጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ጠይቀንም አንተው፤ ሁለተኛም ሦስተኛም እንጠይቅ። ክራር በሌለበት ትምህርት ቤት ብንመደብ ደግሞ ከልጆቹ መካከል ዋሽንት የሚነፋ አይጠፋምና፣ እርሱን በሰው ፊት አስነፍተን እናክብረው። ያን ጊዜ «እረኛው መጣ» ብሎ የሚሥቅ ልጅ አይኖርም፤ ቢኖርም ያፍራል።

ሦስተኛ፣ እቤታችን ታናናሾች አሉን። ለዕረፍት ስንሄድ «አጥና» ብለን መምከር ልማዳችን ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሆንን ቃላችን ይሰማል። ከዚያ ምክር ጋራ «የያዝኸውንም አትተው፤ ቢከብድህም ትንሽ ቆይ» የሚል አንድ ቃል እንጨምርበት። ለእናቶቻችንም ስለ ታናናሽ እኅቶቻችን እንነጋገርላቸው፤ ሊጡን አንድ ማክሰኞ እኛ ወንዶቹ ብናቦካው እጃችን አይቈረጥም።

እኛ በበኩላችን ጀምረናል። ካለፈው ወር ወዲህ አራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበናል። የክራሩ ወንድማችን በሁለተኛው ቅዳሜ ትዝታን ለመቃኘት በቃ፤ ጣቱ ግን ተላጠ። ባለ ዋሽንቱ ወንድማችን ከመርካቶ ዋሽንት ገዝቶ መጣ፤ መጀመሪያ በሩን ዘግቶ ነፋ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ያሉ ልጆች «ዝም በሉ፤ እናንብብ» ብለው የጮኹብን ጊዜ አለ፤ እውነታቸውን ነው፤ ክፍል የምንለምነውም ስለዚህ ነው። መልካም እንጫወታለን አንልም። የሚሰማ ሰው ቢኖር በጣም መጥፎ መሆናችንን በደኅና ይመሰክራል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ እናክል። ወንድማችን ባለፈው ሳምንት የድሮ የክራር መምህሩን ስልክ ፈልጎ ደወለላቸው። ያስታውሱኛል ብሎ አልጠበቀም ነበር፤ ስሙን ሲነግራቸው ግን የአባቱን ስም ራሳቸው ጨመሩበት። ከ8 ዓመት በኋላ «ከፈተናው በኋላ እመለሳለሁ ብዬ ሳልመለስ ቀረሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። እርሳቸውም ሣቁና «ክራሩማ ዛሬም አለ፤ የጠፋው ተማሪው ነው» አሉት። ለዕረፍት ሲሄድ ሊጠይቃቸው ተቀጣጥረዋል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ክራሩ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ።